የታጠበችው ጣቢያ

ስኮትላንድ ሄጄ አላውቅም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ስለ ስኮትላንድ ባቡር ጣቢያ ማውራት ስጀምር ፌርፋክስ በሚባለው የሐበሾች ሰፈር ያለ ሐበሻ ሁሉ የሚጠይቀኝን ጥያቄ ለመገላገል ነው። «እዚያ ዘመድ አለህ እንዴ?» የለኝም። «ታዲያ ለምን የድሬዳዋን ጣቢያ አትሠራም?» የድሬዳዋን ኪት፣ ተቆራርጦ የተዘጋጀ ተገጣጣሚ ሞዴል፣ የሚሸጥ የለማ! መልሱ ይኸው ነው። ሕዝቤ ግን በዚህ መልስ ረክቶ አያውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው የጀመረው። ዌስትቼስተር ያለ አንድ ሆቴል ውስጥ የሸትል ሹፌር ነኝ፤ እንግዳ ከኤርፖርት አመጣለሁ፣ እንግዳ ወደ ኤርፖርት እመልሳለሁ። አንድ ቀን አንድ ተሳፋሪ ጠፍጣፋ ካርቶን ረስቶ ወረደ። ሦስት ወር የጠፋ ዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ ተቀመጠ፣ የሚጠይቅ ጠፋ፣ ማናጀሬ «ውሰደው» አለኝ። ቤት ወስጄ ከፈትኩት። በሌዘር የተቆረጠ ስስ የእንጨት ሰሌዳ ነው። ግድግዳው፣ መስኮቱ፣ ጭስ ማውጫው ሁሉ ተቆርጦ ከሰሌዳው ላይ በቀጭኑ ተንጠልጥሏል፤ ጠርዙ የተቃጠለ እንጨት ይሸታል። ትነቅላለህ፣ ታጣብቃለህ፣ መጨረሻ ላይ ከጫማ ሳጥን ያነሰ የስኮትላንድ ገጠር ጣቢያ ይወጣልሃል። ከሥራ ሲመለስ ከግድግዳ ጋር ለሚፋጠጥ ወንደላጤ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ እንዴት ብዬ ላስረዳችሁ? በአራት ዓመት ውስጥ እያዘዝኩ ሰባት ሕንፃ ሠራሁ። የጣቢያ ኃላፊው ቤት፣ የዕቃ መጋዘኑ፣ የውኃ ታንከሩ፣ ምኑ ቅጡ። ከሁሉም የምወዳት ግን መጨረሻ የሠራኋትን ጣቢያ ነበር።

መሥራቱ ቀላሉ ነው። ዋናው ጥበብ ማቆሸሽ ነው። ዌዘሪንግ ይሉታል። አዲሱን ቤት መቶ ዓመት ዝናብ የመታው፣ የከሰል ጢስ የጠገበ ማስመሰል። ጭስ ማውጫው ሥር ጥላሸት፣ ከአሸንዳው በታች ዝገት እንደ እንባ የወረደበት፣ ጣራው ላይ እርጥበት የሚያመጣው አረንጓዴ ሻጋታ። የርግብ ኩስ ሳይቀር በስቴኪኒ ጫፍ ነጠብጣብ በነጠብጣብ ነው ያደረግኩት። ጣቢያዋን ለመሥራት ሦስት ሳምንት፣ ለማቆሸሽ አራት ወር ፈጀብኝ።

እና ያኔ ማን ነበርኩ? ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት የሞላኝ ብርሃኑ የሚባል ሰው ነበርኩ፤ «ምንም አይደለም» የሚል ሰው። እግሬን ረግጠውኝ ይቅርታ የምጠይቀው እኔ ነኝ። ሬስቶራንት ውስጥ ያላዘዝኩት ምግብ ቢመጣልኝ በልቼ፣ ከፍዬ፣ ቲፕ ጨምሬ እወጣለሁ። ቸርች ውስጥ ይሄንን ትሕትና ይሉልኝ ነበር። እኔም ትሕትና መስሎኝ ነበር፣ እግዜር ያሳያችሁ።

ማርታን ያወቅኳት እዚያው ቸርች ነው። ፒኮ ሮበርትሰን ሰፈር ውስጥ አንዲት አሮጊት ፈረንጅ ትንከባከባለች። ሁለት ዓመት አብረን ከቆየን በኋላ እንጋባ ተባባልን። የቀረው የእናቷ ፈቃድ ብቻ ነበር። እናቷ እትዬ አስቴር ከአዳማ የመጡት ለዚሁ ጉዳይ ነው። ማርታ ገና ከመምጣታቸው በፊት አስጠንቅቃኛለች።

«እማዬ እምቢ ካለች እኔ አላገባም። ቀልድ እንዳይመስልህ።»

«ለምን እምቢ ይላሉ?»

«አላውቅም። ብቻ እነዛን ቤቶችህን ክሎዜት ውስጥ አስገባቸው። ኦኬ? ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት የሞላው ሰው መጫወቻ ይዞ ስታይ…»

«መጫወቻ አይደሉም» ማለት ነበረብኝ። «ኦኬ» አልኩ። የልብስ ክሎዜቱ ግን ሊበቃቸው አልቻለም፤ ስለዚህ ጠረጴዛው ላይ እንዳሉ አንሶላ አለበስኳቸው። እስቲ አስቡት፤ ለሐበሻ እናት የተሸፈነ ነገር ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ መውጣት!

ማርታ ኮሪያታውን ውስጥ ከሦስት ሴቶች ጋር ነው የምትኖረው። አንዷ ሌሊት ሠርታ ቀን ትተኛለች። እትዬ አስቴር እዚያ ቢውሉ ድምፅ ማሰማት፣ መዝሙር መክፈት፣ ውኃ ማፍሰስ አይችሉም። ሶ፣ ጠዋት ጠዋት ማርታ ወደ ሥራዋ ስትሄድ እኔ ቤት ታደርሳቸዋለች፤ እኔ በሌሊት የገባሁበትን ሥራ ጨርሼ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እመጣለሁ፣ እስከዚያ ብቻቸውን ይውላሉ። ለሦስት ቀን ነው፤ ሮብ፣ ሐሙስ፣ አርብ። ቅዳሜ ሽማግሌዎች ይቀርባሉ።

ሮብ በሰላም አለፈ። ስመጣ ሽሮ ሠርተው፣ ወለሉን ወልውለው፣ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ገልጠው ጠበቁኝ። አንሶላው አልተነካም። ወይም አልተነካም ብዬ አሰብኩ።

ሐሙስ በሩን ስከፍት የሳህን ሳሙና ሸተተኝ። አንሶላው ታጥፎ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ጠረጴዛው ላይ ስድስት ሕንፃ ብቻ ነው ያለው። እትዬ አስቴር እጅጌያቸውን ሰብስበው ከበረንዳው ብቅ አሉ፤ ፊታቸው ያበራል።

«መጣህ ልጄ? ና እስቲ እይ!»

ወጣሁ። ጣቢያዬ ከአሮጌ የስፖርት ጫማዬ ጎን ፀሐይ ላይ ተሰጥታለች።

«አቧራና ጥላሸት በልቷት ነበር እኮ! ወንድ ልጅ ብቻውን ሲኖር እንዲህ ነው። በጥርስ ብሩሽ ፈተግኳት፤ አይ ስትወጣ! ነጭ ግድግዳ ነበራት ለካ። የወፍ ኩስ ሳይቀር ነበረባት፣ ቤት ውስጥ ወፍ ይገባል እንዴ?»

ስሱ እንጨት ውኃ ጠጥቶ አብጧል። ማዕዘኑ ላይ ሙጫው ለቆ ግድግዳው አፉን ከፍቷል። አንድ በአንድ በወረቀት የደረደርኩት የጣራ ንጣፍ ግማሹ ተልጦ ተጠቅልሏል። የአራት ወር ልፋቴ የሳሙና ውኃ ሆኖ በበረንዳው ቱቦ ወርዷል። ከዚያ ቅዳሜን አሰብኩ፣ ማርታን አሰብኩ፣ አፌም እንደ ልማዱ ከእኔ ቀድሞ ተናገረ።

«እጅዎ ይባረክ እትዬ።»

«አሜን! ጌታ ይባርክህ ልጄ።»

ማታ ማርታ ደወለች። «እማዬ ነገረችኝ። ብሬ፣ ያቺን ጣቢያ ነው?»

«አዎ።»

«ወይኔ! አልተናደድክም?»

«ምን ያናድደኛል? እንጨት አይደል።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ምንም አይደለም አልኩሽ እኮ።»

በማግስቱ ጠዋት ሸትሉን ኤርፖርት ላይ አቁሜ ተሳፋሪ ስጠብቅ፣ መሪው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። እውነቴን ነው። ያልሄድኩበት አገር፣ ያልወረድኩበት ጣቢያ፣ እኔ ግን አባቴ የሞተብኝ ያህል አነባሁ። አንዲት ሻንጣ የያዘች ሴት መስኮቱን አንኳኳች። ዓይኔን ጠርጌ ሻንጣዋን ጫንኩላት፤ ደህና ነህ ወይ ስትለኝም ደህና ነኝ አልኳት።

አሁን ትጠይቁኛላችሁ፤ ታዲያ አርብ ጠዋት የተረፉትን ስድስቱን ለምን አልደበቅክም? ትክክል ናችሁ፣ ጤነኛ ሰው ይደብቅ ነበር። እኔ ግን ይሉኝታ የያዘኝ ሰው ነኝ። ብደብቃቸው «ትናንት ያጠፉት ጥፋት አለ» ማለት ይሆንብኛል። እትዬ አስቴር ይቀየማሉ። ስለዚህ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ቅያሜ አለመኖሩን ለማሳየት አንሶላውን ጭራሽ አንስቼው ሄድኩ።

አርብ ስመለስ የሲግናል ቤቱ ሳፋ ውስጥ ተዘፍዝፏል። የሲግናል ቤት ማለት የባቡሩን ሐዲድ የሚቀያይረው ሠራተኛ የሚቀመጥበት፣ ዙሪያውን መስኮት የሆነ ትንሽ ፎቅ ነው። ውስጡ ሃያ አራት እጀታ ነበረው፤ እያንዳንዱ ከክብሪት እንጨት የቀጠነ። ምድጃ ነበረው፣ ምድጃው ላይ የሻይ ጀበና ነበረው። አሁን ሁሉም ውኃው ላይ ይንሳፈፋል። እትዬ አስቴር ሶፋው ላይ ተቀምጠው ትክ ብለው ያዩኛል። ዛሬ ፊታቸው አያበራም።

«ይሄንንም አጠብኩልህ» አሉ።

«እጅዎ ይባረክ።»

«ደስ አለህ?»

«በጣም እንጂ እትዬ።»

«እሺ» አሉና መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ገለጡ።

ቅዳሜ ደረሰ። ሽማግሌ የሚላከው ወደ ልጅቷ ቤት ነው፤ የልጅቷ ቤት ግን የሌሊት ሠራተኛዋ ተኝታበታለች። ስለዚህ ሽማግሌነቱን የሚመሩት ጋሼ መኮንን የገዛ ቤታቸውን ለልጅቷ ወገን አበደሩ። እትዬ አስቴርና ማርታ ሳሎን ተቀመጡ። ጋሼ መኮንንና ሁለት ሽማግሌዎች ደግሞ ሱፍ በከረባት ለብሰው ከገዛ ቤታቸው ወጡ፣ ብሎኩን ዞሩ፣ ተመልሰው የገዛ በራቸውን አንኳኩ። ባለቤታቸው ከፈቱላቸው። «ቤቶች!» አሉ ጋሼ መኮንን፣ ቤቱን አይተውት እንደማያውቁ ሁሉ። እኔ በባህሉ መገኘት አልነበረብኝም፤ ግን ሁለቱን ሽማግሌዎች ከየቤታቸው ድራይቭ አድርጌ ያመጣሁት እኔ ስለሆንኩ ኪችን ውስጥ ቆሜ መስማት ያዝኩ።

ሽማግሌዎቹ ቁጭ በሉ ሲባሉ አንቀመጥም አሉ። «የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም» አሉ ጋሼ መኮንን፣ ድምፃቸውን አወፍረው። «የመጣነው ለመልካም ነገር ነው። ልጅዎን ማርታን ለልጃችን ለብርሃኑ እንዲሰጡን ነው። ልጃችን ጨዋ ነው፣ ቃል አይወጣውም…»

ወጉ እንዲህ ነው፤ የልጅቷ ወገን «እንመካከርና ቀጠሮ እንሰጣችኋለን» ይላል፣ ሽማግሌዎቹም ይቀመጣሉ። የጋሼ መኮንን ባለቤት ምግቡን አሙቀው እየጠበቁ ነበር።

«ጋሼ መኮንን፣ ከቤትዎ ስላስገቡኝ እግዚአብሔር ያክብርልኝ» አሉ እትዬ አስቴር። «ልጁ ሠራተኛ ነው። ጸሎተኛ ነው። አይጠጣም። ሦስት ቀን ቤቱ ውዬ ሁሉንም አይቻለሁ። ግን ልጄን አልሰጠውም።»

ኪችን ውስጥ የያዝኩትን ብርጭቆ አስቀምጬ ወደ በሩ ተጠጋሁ።

«ምን አጠፋ ወይዘሮ አስቴር?» አሉ ጋሼ መኮንን፣ ወፍራሙ ድምፅ ጠፍቶባቸው።

«ምንም አላጠፋም። ችግሩም ይኸው ነው። እዚያ ጓዳ ቆሟል አይደል? ይጠራልኝ።»

ገባሁ። ማርታ አንገቷን ደፍታለች። እትዬ አስቴር ቀና ብለው አዩኝ።

«ልጄ፣ ሐሙስ ያጠብኩት ቤት ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነም እትዬ።»

«አላበጠም?»

«ትንሽ… ግን ምንም አይደለም።»

«የአርቡስ?»

«እሱም… እጅዎ ይባረክ።»

«ተው!» አሉ። እንዲህ ሲቆጡ ሰምቼ አላውቅም። «ስማኝ። የመጀመሪያውን ባለማወቅ ነው ያጠብኩት። ማታ ለማርታ ስነግራት ፊቷ ሲቀየር አይቼ፣ ምን እንዳጠፋሁ ገባኝ። ሌሊቱን ሳለቅስ አደርኩ። ሁለተኛውን ግን እያወቅኩ ነው ያጠብኩት።»

እያወቅኩ። ይህቺን ቃል ስሰማ ወደ እሳቸው አንድ እርምጃ ተጠጋሁ።

«እያወቁ?» አልኩ።

«እያወቅኩ።»

«ሃያ አራት እጀታ! ሃያ አራት! በአጉሊ መነጽር ነው የተከልኳቸው! ዓይኔ እስኪፈዝ!» ድምፁ የእኔ አይመስልም ነበር። «ጣቢያዋን እሺ፣ አላወቁም። ግን ሰው የሰው ዕቃ ሳይጠይቅ ይነካል እንዴ? እንጨት በሳሙና ይታጠባል? የት አገር? አራት ወር! አራት ወር ሙሉ ያቆሸሽኩትን በአንድ ጠዋት!»

«ኧረ ልጄ፣ ኧረ በስመ አብ፣ እናት ናቸው!» ጋሼ መኮንን ጴንጤነታቸውን ረስተው ሊያማትቡ ምንም አልቀራቸውም።

«ይተዉት ጋሼ» አሉ እትዬ አስቴር። «ሌላስ?»

«ሌላ ደግሞ ሽሮው ጨው በዝቶበት ነበር! ሦስቱንም ቀን!»

«ሌላስ?»

ወደ ማርታ ዞርኩ። «አንቺም! ክሎዜት ውስጥ ክተታቸው አልሽኝ! ታፍሪብኛለሽ! መጫወቻ አይደሉም! ሕይወቴ ውስጥ አሳምሬ የምሠራው አንድ ነገር ቢኖር እሱ ነው፣ እሱኑ ደብቅ አልሽኝ!»

ከዚያ ቃል አለቀብኝ። ላብ አጥምቆኛል። ሽማግሌዎቹ እስካሁን እንደቆሙ ናቸው። እኔም ምን እንዳደረግኩ ያን ጊዜ ታወቀኝ፤ ሽማግሌ የተላከላትን፣ የምወዳትን ልጅ፣ በገዛ አፌ አጣኋት አልኩ በልቤ።

እትዬ አስቴር ቀስ ብለው ተናገሩ። «የማርታ አባት ሃያ ስምንት ዓመት አብሮኝ ሲኖር አንድ ቀን ተቆጥቶኝ አያውቅም። ምነው ስለው ምንም አይደለም። ምን ላድርግልህ ስለው ምንም። ጎረቤት ሁሉ ‘አንቺ ታድለሽ’ ይለኝ ነበር። አንድ ጠዋት ልብሱን በፌስታል ይዞ ወጣ፣ አልተመለሰም። ምን እንዳስቀየምኩት እስከ ዛሬ አላውቅም። እስከ ዛሬ ሌት ተቀን አስባለሁ፤ ይሄ ይሆን፣ ያ ይሆን እላለሁ። ልጄን እንዲህ ላለ ሰው አልሰጥም ብዬ ነበር።» እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። «የሲግናሉን ቤት ስላጠፋሁብህ ይቅርታ አድርግልኝ። ግን ቁጣህን ማየት ነበረብኝ። ቁጣህ ደግ ነው፤ አልሰደብከኝም፣ አልረገምከኝም፣ ያጠፋሁትን ነው የነገርከኝ። ጋሼ መኮንን፣ ይቀመጡ። በእኔ በኩል ሰጥቻለሁ።»

ሽማግሌዎቹ እፎይ ብለው ሊቀመጡ ሲሉ ማርታ ብድግ አለች።

«እኔስ? እኔን ማን ጠየቀኝ?» አለች። ፊቷ ቀልቷል። «ሁለት ዓመት ሙሉ የት እንብላ ስልህ ‘አንቺ ያልሽው’፣ ምን እንይ ስልህ ‘አንቺ ያልሽው’! ከራሴ ጋር ነው እንዴ ዴት የማደርገው እል ነበር! ዛሬ ነው ያየሁህ። አፍሬብሃለሁ፣ አዎ፣ ስለቤቶቹ አፍሬብሃለሁ። ስለሱ ጥፋቱ የእኔ ነው። ግን የአንተም ነው፤ መጫወቻ አይደሉም ብትለኝ ኖሮ እሰማህ ነበር!»

«እና አሁን?» አልኳት።

«ሁለት ሳምንት ስጠኝ። እስቲ እንጣላና እንየው።»

በሁለት ሳምንት ውስጥ አራት ጊዜ ተጣላን። በአምስተኛው «ኦኬ፣ እንጋባ» አለችኝ።

እነሆ፣ ይህ ከሆነ ጥቂት ዓመት አለፈው። ያበጠችውን ጣቢያ አልጣልኳትም፤ መልሼ አጣብቄ በኋላ የዘረጋሁት ትንሽ ሐዲድ ዳር አቆምኳት። አንድ ጊዜ የትንንሽ ባቡር ወዳጆች ስብሰባ ይዣት ስሄድ፣ እዚያው ስኮትላንድ የተወለዱ አንድ ሽማግሌ ጎንበስ ብለው ለረጅም ጊዜ አዩዋት። «የአክስቴ መንደር ጣቢያ ልክ እንዲህ ነበር፤ ግድግዳው ዝናብ ጠጥቶ ያበጠ። ይህን እንዴት አመጣኸው?» አሉኝ። አማቴ ናቸው የሠሩት አልኳቸው። እኔ በአራት ወር በብሩሽ ያላመጣሁትን እርጥበት እትዬ አስቴር በአንድ ሳፋ አምጥተውታል። ይሄ በጣም አናዶኛል፤ እሳቸውም እንዲያውቁት አድርጌአለሁ።

አንባቢዎቼ፣ ተነሡና በእናቶቻችሁ ላይ ጩኹ እያልኳችሁ አይደለም። ያን ቀን አንዲት እናት ፊት፣ ያውም በሰው ቤት፣ ሽሮዎ ጨው በዝቶበታል ብዬ መጮሄን ሳስበው ዛሬም ፊቴ ይግላል። ግን እናንተም «ምንም አይደለም» ያላችሁበትን ቀን ቁጠሩት። ስንቱ እውነት ምንም አልነበረም? እኔ ጨዋ ነኝ እያልኩ፣ ሰው በእኔ ላይ ያጠፋውን እንኳ እንዳያውቅ ስከለክለው ነበር የኖርኩት። ይቅርታ ሊጠይቀኝ የሚፈልግ ሰው በሩን ሲያንኳኳ «ማንም የለም» እያልኩ። ቸርች ውስጥ አሁን ትሑት የሚለኝ የለም። «ብርሃኑ ካገባ ወዲህ ተቀየረ» ይላሉ። ተቀይሬአለሁ።

እትዬ አስቴር አዳማ ተመልሰዋል። በየእሁዱ ይደውላሉ። ስለ ጤናችን፣ ስለ ሥራችን፣ ስለ ልጅ ቀድመው አይጠይቁም፤ የመጀመሪያው ጥያቄያቸው ሁልጊዜ አንድ ነው።

«በዚህ ሳምንት ተጣላችሁ?»

«አዎ እትዬ፣ ማክሰኞ። ክፉኛ።»

«በምን?»

እነግራቸዋለሁ፣ አንድም ሳላስቀር። ማርታም ከጎኔ ሆና የእሷን ወገን ትናገራለች። እሳቸው እስከ መጨረሻው ያዳምጡና በረጅሙ ይተነፍሳሉ።

«እሰይ» ይላሉ። «ጌታ ይመስገን። አላችሁ ማለት ነው።»